ከጆንያው እስከ ገንዳው፡ የመኖ አቀማመጥና አሰጣጥ

በወተት ላም እርባታ ወይም በከብትና በግ ማድለብ ላይ የተሰማሩ አርሶ አደሮች በስልጠና ላይ በብዛት የሚያነሱት ጥያቄ «የትኛው መኖ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥሩ መኖ እየገዙ ወተቱ ያልጨመረላቸው አርሶ አደሮች ቤት ሲታይ፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ያለው በመኖው ዓይነት ላይ አይደለም፤ መኖው ከተገዛ በኋላ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ጆንያው ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሥሩ ረጥቧል። አፉ ስላልታሰረ ቀን ዶሮ ይጭርበታል፣ ሌሊት አይጥ ይገባበታል። ጠዋት እናት በአንድ ጣሳ ትሰፍራለች፣ ማታ ልጅ በሌላ ጣሳ ይሰፍራል። ገንዳው ዘንበል ያለ ከሆነ ደግሞ ከተሰፈረውም የተወሰነው ጭቃ ውስጥ ይቀራል።

ገለባውና ድርቆሹ ከራስ ማሳ ይገኛል። ፉርሽካና ፋጉሎ ግን በጥሬ ብር የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ ስሌቱን አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ማየት ይጠቅማል። ሁለት የተዳቀሉ ላሞች እያንዳንዳቸው በቀን 10 ሊትር ወተት ይሰጣሉ እንበል። ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ግራም የተመጣጠነ መኖ በሚለው የተለመደ ስሌት አንዷ ላም በቀን 5 ኪሎ፣ ሁለቱ 10 ኪሎ ይበላሉ። በወር 3 ኩንታል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በእርጥበት፣ በአይጥና በመፍሰስ አሥር በመቶው ብቻ ቢጠፋ በየወሩ 30 ኪሎ፣ ማለትም ሁለቱ ላሞች ለሦስት ቀን የሚበሉት መኖ ባክኗል። በዓመት ሲደመር ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ይሆናል። በአካባቢዎ ባለው የኩንታል ዋጋ ራስዎ ያባዙት።

ብሩ አንዱ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ከብር ይከፋል።

ሻጋታና ወተት

ፋጉሎ፣ በቆሎና ሌላም መኖ በእርጥበትና በሙቀት ሲቀመጥ ሻጋታ ያበቅላል። ከሻጋታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ላሟ ይህን መርዝ ከመኖው ጋር ስትበላ የተወሰነው ክፍል መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ወተቱ መልኩ አይለወጥም፣ ሽታው አይለወጥም፣ ጣዕሙም ያው ነው። ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም። በብዛት የሚጎዳው ጉበትን ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያስከትላል። ወተት በብዛት የሚጠጣው ደግሞ ሕፃን ነው።

ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት ላም አርቢዎች ዘንድ ተካሂዶ በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ መርዙን አግኝቷል። ከአራቱ ናሙናዎች በአንዱ ገደማ መጠኑ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከሚፈቅደው በላይ ነበር። ከመኖዎቹ ውስጥ በዋና ምንጭነት የተለየው የኑግ ፋጉሎ ነው። እኛ በክልላችን «ወተት የሚያመጣው እሱ ነው» እያልን የምንመክረው፣ የምትገዙትም ይኸው ፋጉሎ ነው። ምክሩን አንቀይርም፤ የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን ይዘቱ አቻ የሚገኝለት በቀላሉ አይደለም። አቀማመጡ ግን መቀየር አለበት።

በዓይን የሚታየው ሻጋታ ምልክት እንጂ መለኪያ አይደለም። አረንጓዴ ወይም ነጭ ብናኝ ያለበት ፋጉሎ በእርግጥ ተበላሽቷል። ብናኝ የሌለበት ግን ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ መርዙ ሻጋታው ረግፎ ከጠፋ በኋላም ይቀራል። አርሶ አደሩ በእጁ ያለው መከላከያ አንድ ብቻ ነው፦ መኖው መጀመሪያውኑ እንዳይረጥብ ማድረግ።

ሲገዙ

ከመጭመቂያ ማሽን ገና የወጣ ፋጉሎ ትኩስ ነው። እንዲህ እንዳለ ጆንያ ውስጥ ገብቶ አፉ ከታሰረ ውስጡ ያልበዋል። ላቡ መውጫ ሲያጣ እዚያው መኖው ላይ ይመለሳል፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የጆንያው መሐል ይሻግታል። ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የሚገዙ ከሆነ ቤት እንደደረሱ ፋጉሎውን ንጹሕ ሸራ ላይ ጥላ ባለበት ዘርግተው ቢያንስ አንድ ቀን ያቀዝቅዙትና ከዚያ ይሰሩት። ከነጋዴ ሲገዙ ደግሞ እጅዎን እስከ ክንድዎ ድረስ ወደ ጆንያው መሐል ያስገቡ። ከላይ ቀዝቃዛ ሆኖ መሐሉ ከሞቀ ወይም እጅዎ ላይ የሚጣበቅ ነገር ካገኙ ይመልሱት። ቋጠሮ ካለ ሰብረው ያሽቱ። ጥሩ ፋጉሎ የዘይት ሽታ አለው፤ የቆየው እንደ ከረመ ቅባት ይሸታል።

ለመኖ የሚሆን በቆሎ ከራስዎ ማሳም ይሁን ከገበያ በጨው ሊፈተን ይችላል። ጨዉን በምጣድ ላይ አድርቀው ያቀዝቅዙት። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ወይም ማሰሮ ሩቡን ያህል በቆሎ ይጨምሩበት፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ያክሉበት፣ ከድነው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይነቅንቁትና ለሩብ ሰዓት ይተዉት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፣ የእርጥበቱ መጠን ከ15 በመቶ በላይ ነው ማለት ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨዉ ወደ ታች ከረገፈ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ፍተሻ የሚያገለግለው ላልተፈጨ እህል ነው፤ ለፉርሽካና ለፋጉሎ አይሆንም።

ምን ያህል ይገዛ የሚለው ከወቅቱ ጋር የተያያዘ ነው። ኑግ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ወራት ፋጉሎ በብዛት ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። «አሁን ረክሶ እያለ እስከ ክረምት የሚበቃ ልግዛ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ትክክል የሚሆነው ማከማቻው ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። በበጋው ሁለት ሦስት ወር የሚቆይ መኖ መግዛት ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ከአንድ ወር ፍጆታ በላይ የተፈጨ ወይም የተደባለቀ መኖ ባይቀመጥ ይሻላል። ያልተፈጨ እህል ከተፈጨው የበለጠ ይቆያል። ስለዚህ በቆሎውን እንደሆነ አስቀምጠው በየሁለት ሳምንቱ ያስፈጩት።

እዚህ ላይ ስለ ጾም አንድ ነገር እናንሳ። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ብዙ አርሶ አደሮች ለላሟ የሚሰጡትን መኖ ድንገት ይቀንሳሉ፤ በጥር የተገዛውም ፋጉሎ ከፋሲካ በኋላ ድረስ ተቀምጦ ይቆያል። ሁለት ጉዳት ነው። መኖው ያረጃል። ላሟ ደግሞ አትጾምም፤ በመኖ እጥረት የወረደ ወተት ፋሲካ ሲመጣ እንደነበረው አይመለስም። በጾሙ ወራት ወተቱን ወደ ቅቤ ለውጦ ማቆየት ይቻላል፤ የግዢውን መጠን ደግሞ አስቀድሞ በዚያው ልክ ማቀድ ነው።

ማከማቻው

አዲስ ቤት መሥራት ግድ አይደለም። የቤቱ አንድ ጥግ፣ ወይም ከጋጣው ተለይቶ የቆመ ትንሽ ጎጆ ይበቃል። መሟላት ያለበት ጣሪያው የማያፈስ፣ ወለሉ ውሃ የማይገባበት፣ በሩ የሚዘጋ መሆኑ ነው።

ጆንያ መሬት አይነካም። የደረቀ መሬት የሚመስለው ወለል ሌሊት እርጥበት ይተፋል፣ ሲሚንቶም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ይሥሩ። እንጨቱ ምስጥ እንዳይወጣበት ድንጋይ ላይ ይቁም። ርብራቡ ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። ይህ ክፍተት አየር እንዲያልፍ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባ ገብቶ ማየትና መጥረግ እንዲቻል ነው። አይጥ የሚራባው ሰው የማያየው ጥግ ሲያገኝ ነው። ጆንያዎቹ ከአምስትና ከስድስት በላይ አይደራረቡ።

በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የገባበት ቀን ይጻፍ። ከሰል ወይም እስክርቢቶ ይበቃል። አዲስ የመጣው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይቀመጥ። ብዙ ቤት የሚታየው ተቃራኒው ነው፦ አዲሱ ከላይ ይከመራል፣ በቅርብ ያለው ይወሰዳል፣ ከታች ያለችው አንዲት ጆንያ ግን ዓመት ትደፍናለች። በመጨረሻም የምትወጣው ሌላ መኖ ሲያልቅ፣ ማለትም በክረምቱ መሐል ነው።

ስለ ከረጢቱ ራሱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በገጠሩ ጆንያን ሁሉ «ማዳበሪያ» እያልን የምንጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛው ከረጢት መጀመሪያ ዩሪያ ወይም ሌላ ማዳበሪያ ይዞ የመጣ ነው። ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ቅንጣት እርጥበት ይስባል፣ ለእንስሳትም መርዝ ነው። ፀረ ተባይ የነበረበት ደግሞ ታጥቦም ቢሆን ለመኖ አይውልም። የፉርሽካና የፋጉሎ ከረጢቶችን ለይተው ለመኖ ብቻ ያቆዩ። በየጊዜው ገልብጠው ያራግፉአቸው፣ ፀሐይ ላይ ያስጡአቸው።

ለመኖ የሚሆን በቆሎ ከሁለት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ ሦስት ድርብርብ ያለው፣ ፒክስ በመባል የሚታወቀው አየር የማያስገባ ከረጢት ጥሩ ነው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒትም አያስፈልግም። ይሁንና ከረጢቱ እርጥብ እህል አያደርቅም። እርጥብ በቆሎ ቢገባበት በውስጡ ይበሰብሳል። በጨው ተፈትኖ ካለፈ በኋላ ብቻ ይግባ። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠውን ክኒን ግን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ መኖም ሆነ እህል ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል።

የማከማቻው በር የሚዘጋው ለሌባ ብቻ አይደለም። ሌሊት ገመዷን ፈትታ ዱቄት ወይም እህል ያገኘች ላም እስኪበቃት ሳይሆን እስኪያልቅ ትበላለች። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ሲገባ ሆዷ ውስጥ ኮምጥጦ አሲድ ይሆናል፤ ትነፋለች፣ ትተኛለች፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንዲህ ካጋጠመ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ የቀረውን መኖ ያንሱና ወዲያውኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

ለዕለት የሚሆነው በርሜል

ከዋናው ክምችት በየቀኑ ጆንያ መፍታት ለአይጥም ለእርጥበትም በር መክፈት ነው። የአንድ ሳምንት መኖ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል። 200 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል ፉርሽካ ብቻ ሲሆን 50 ኪሎ ገደማ፣ የተደባለቀ መኖ ሲሆን ከ80 እስከ 90 ኪሎ ይይዛል። ለሁለቱ ላሞቻችን የሳምንት መኖ በቂ ነው። ኬሚካል የነበረበት በርሜል አይሆንም።

በርሜሉ ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ማታ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠብታውም መኖው ላይ ይወርዳል። ሌላው በየቤቱ የሚታይ ስሕተት ከማለቁ በፊት በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ነው። ከታች የቀረው አራት ጣት የሚያህል መኖ በዚህ ሁኔታ ለወራት ሳይወጣ ይቀመጣል፤ ሻጋታውም ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በርሜሉ እስከ ታች ይጨረስ፣ ተገልብጦ ይመታ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ ይሞላ። ጎታ የሚጠቀሙም ይህንኑ ያድርጉ። ጎታ ከአይጥ በደንብ ይጠብቃል፤ ድክመቱ ከሥሩ እርጥበት መሳቡ ስለሆነ ድንጋይ ላይ መቀመጡን ያረጋግጡ።

ጨውና ዩሪያ

ጨው እርጥበት ይስባል። ስለዚህ መኖን ከጨው ጋር ደባልቆ ለወራት ማስቀመጥ ሻጋታን መጥራት ነው። የሳምንቱን ብቻ ይደባልቁ።

የተለመደ የድብልቅ ምሳሌ እነሆ፦ ለ100 ኪሎ፣ ፉርሽካ 45 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 32 ኪሎ፣ የተፈጨ በቆሎ 20 ኪሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ጨው 1 ኪሎ። እንደ አካባቢዎ መኖ አቅርቦት ሲለወጥ የቀበሌዎን የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ያማክሩ። ሲደባልቁ ጨዉንና ኖራውን አስቀድመው ከአምስት ኪሎ ያህል ፉርሽካ ጋር ይቀላቅሉና ከዚያ በቀረው ላይ ይበትኑት። እንዲህ ካልሆነ አንዷ ላም ጨዉን ሁሉ ታገኛለች፣ ሌላዋ ምንም።

ዩሪያ ከመኖ ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ። የገጠር ቤት ጠባብ ስለሆነ ማዳበሪያውም፣ ጨዉም፣ ፋጉሎውም አንድ ጥግ ላይ ይሰባሰባል። ዩሪያና የተፈጨ ጨው በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጨለማ፣ በችኮላ፣ ወይም ልጅ ሲታዘዝ መሳሳት ቀላል ነው። በጨው ፋንታ ዩሪያ የተሰጣት ላም ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፣ አረፋ ትደፍቃለች፣ ብዙውን ጊዜም አትተርፍም። ገለባን በዩሪያ የሚያክሙ አርሶ አደሮች ይህን በይበልጥ ያስቡበት። ዩሪያው በሌላ ቤት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ።

ጣሳና ሚዛን

አሁን ወደ አሰጣጡ እንምጣ። ብዙ ገንዘብ ያለ ጩኸት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

«ለላሜ በቀን አሥር ጣሳ እሰጣለሁ» ማለት የመኖውን ዓይነት ካልነገሩን ምንም አይገልጽም። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ፉርሽካ ቢሰፈር ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ጣሳ የተሰበረ የኑግ ፋጉሎ ግማሽ ኪሎና ከዚያ በላይ፣ ያልተፈጨ በቆሎ ደግሞ 700 ግራም ያህል ይመዝናል። ከላይ የጠቀስነው ድብልቅ ወደ 400 ግራም ይጠጋል። ጣሳው አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን እስከ ሦስት እጥፍ ይለያያል።

ይህ ምን ያስከትላል? አንድ አርሶ አደር ድብልቅ መኖ ጠዋት ስድስት፣ ማታ ስድስት ጣሳ ይሰጣል እንበል። 12 ጣሳ ሲባዛ በ400 ግራም 5 ኪሎ ለማለት ትንሽ ይቀረዋል፤ 10 ሊትር ለምትሰጥ ላም ተገቢ ነው። ፋጉሎ ሲወደድ ያንን ትቶ ፉርሽካ ብቻ ይገዛና በዚያው ጣሳ፣ በዚያው ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል። አሁን የሚሰጠው 3 ኪሎ ነው። ፕሮቲኑም ቀንሷል፣ ክብደቱም ቀንሷል። በሳምንቱ ወተቱ ይወርዳል። አርሶ አደሩ ሻጩን ይጠረጥራል፣ ላሟን ይጠረጥራል፣ አንዳንዴም የጎረቤትን ዓይን ይጠረጥራል። ጣሳውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው።

በተቃራኒውም ይከሰታል። ፉርሽካ ሲሰጥ የነበረ ሰው ወደ በቆሎ ዱቄት ሲዞር በዚያው ጣሳ ሳያውቀው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰጣል። ለላሟ የሆድ ሕመም፣ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው።

መፍትሔው የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። የሚንጠለጠል ሚዛን ይዋሱ፤ እህል ነጋዴ ዘንድ አለ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርም ሊኖረው ይችላል። ባዶውን ጣሳ ይመዝኑ። ከዚያ ያለዎትን እያንዳንዱን መኖ በጣሳው አፍ ልክ ሞልተው፣ ሳይከምሩና ሳይጠቀጥቁ ይመዝኑ፣ የጣሳውን ክብደት ይቀንሱ። ሦስት ጊዜ መዝነው አማካዩን ይያዙ። ውጤቱን በማከማቻው በር ላይ በከሰል ይጻፉት፦ ፉርሽካ ይህን ያህል፣ ፋጉሎ ይህን ያህል፣ ድብልቅ ይህን ያህል። እኛ ከላይ የጻፍነው ግምት ነው፤ ትክክለኛው በእርስዎ ጣሳ፣ በእርስዎ መኖ የተገኘው ነው። አዲስ ግዢ በመጣ ቁጥር አንዴ ደግመው ይመዝኑ፣ ምክንያቱም የደቀቀና ያልደቀቀ ፋጉሎ ክብደታቸው አንድ አይደለም።

ጣሳው አንድ ይሁን። ከበርሜሉ ጋር በገመድ ይታሰር፤ ለውሃም ለሌላም አይወሰድ። ማንም ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ በዚያ ጣሳ ብቻ ይሰፍራል። በሩ ላይ ከመኖው ክብደት ሥር የእያንዳንዷ ላም ስምና የጣሳ ቁጥር ይጻፍ። ቡሬ ጠዋት ስድስት ማታ ስድስት፣ ዳለቻ አራትና አራት። ወተቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ቁጥሩ ይስተካከላል። አብዛኛውን ጊዜ ላሟን የምታልበውና መኖውን የምትሰጠው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ሚዛኑ ሲሠራ እሷ ብትኖር ነው የሚበጀው። ባል ብቻ ሰልጥኖ የመጣበት ቤት ጣሳው በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ሲመለስ አይተናል።

ለሚደልብ በግ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ይበቃል። አምስት በግ የያዘ ሰው በቀን ቢበዛ 2 ኪሎ፣ በወር 60 ኪሎ ያስፈልገዋል። ለበግ ትንሿ ስሕተት ትልቅ ስለሆነች አነስ ያለ ጣሳ ይለዩለት።

የዕለቱን መኖ በአንድ ጊዜ አይስጡ። 5 ኪሎ የምትበላ ላም በሁለት፣ ከዚያ በላይ የምትበላ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣት። አዲስ መኖ ሲጀመርም አሮጌውን በአንድ ቀን አቋርጠው አይደለም፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አዲሱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይለውጡ። የሆዷ ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት አዲሱን መልመድ አለባቸው።

ገንዳው

ለአንዲት ላም ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የገንዳ ስፋት ያስፈልጋል። ከዚህ ከጠበበ ጉልበተኛዋ ትበላለች፣ ደካማዋ ታያለች፤ በጣሳ የለኩት ልኬትም ትርጉም ያጣል። ሁለት ላሞች ካሉ በመሐሉ አንድ ጣውላ መምታት በቂ ነው። ፊት ለፊቱ ከፍ ያለ ገንዳ መኖውን ወደ ውጭ እንዳትወረውር ይከለክላታል።

ገንዳው በየቀኑ ይጠረግ። ማታ የተረፈ ዱቄት በምራቋ ረጥቦ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ጠዋት ከላዩ አዲስ ሲጨመር አዲሱንም ያበላሸዋል። በየቀኑ የሚተርፍ ካለ ወይ ልኬቱ በዝቷል፣ ወይ መኖው ችግር አለበት፣ ወይ ላሟ ታማለች። ከሦስቱ አንዱን መለየት የሚቻለው ግን ልኬቱ የታወቀ ሲሆን ነው።

ድርቆሽና ገለባ

ይህን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ አከማመሩን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ማሳሰብ የምንፈልገው ስለ መጠን ነው። አንዲት የተዳቀለች ላም ከድጋፍ መኖው ጋር በቀን 7 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ብትበላ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት 240 ቀናት 17 ኩንታል ገደማ ትፈልጋለች። ያልታሰረ ድርቆሽ ክምሩ ከተረጋጋ በኋላ አንድ ሜትር ኩብ ከ60 እስከ 70 ኪሎ ስለሚመዝን ይህ ወርዱም ርዝመቱም ቁመቱም ሦስት ሦስት ሜትር የሆነ ክምር ያህላል ማለት ነው። ክምርዎን በእርምጃ ለክተው በላሞችዎ ቁጥር ያካፍሉት። ካልበቃ ማወቅ ያለብዎት በኅዳር እንጂ በሚያዝያ አይደለም።

ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ ክምሩ ትልቅ ከሆነ እስከ መቃጠል ይደርሳል። ከተከመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ረዘም ያለ ብረት ወይም እንጨት ወደ መሐል አስገብተው ያቆዩና አውጥተው በእጅዎ ይንኩት። የሚያቃጥል ከሆነ ክምሩ ይፈታ። ሲመግቡም ከአንድ ወገን ከላይ እስከ ታች እየቆረጡ ይውሰዱ። ከዙሪያው ሁሉ ሲመዘዝ ክምሩ ወገቡ ይቀጥናል፣ ጫፉ ይዘነበላል፣ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብም በተከፈተው ይገባል።

የተበላሸው ምን ይሁን?

ጥንቃቄ ተደርጎም ቢሆን የሚበላሽ መኖ አይጠፋም። የተለመደው የሻገተውን ከጥሩው ጋር ደባልቆ መስጠት፣ ወይም ፀሐይ ላይ አስጥቶ መመለስ፣ ወይም «ለላም ካልሆነ ለዶሮ» ማለት ነው። ሦስቱም አይሆኑም። መደባለቅ መርዙን ወደ ጥሩው መኖ ማድረስ ነው። ፀሐይ እርጥበቱን እንጂ መርዙን አያስወግድም። ዶሮ ደግሞ በአፍላቶክሲን ከከብት ይልቅ ቶሎ ትጎዳለች።

ከጆንያው ጥግ ብቻ የሻገተ ቢመስልዎትም ሙሉ ጆንያው ለምታለብ ላም አይሰጥ። አፍና አፍንጫዎን በጨርቅ ሸፍነው፣ ነፋስ ወደ ቤት በማይመልስበት በኩል አውጥተው፣ እንስሳትና ዶሮ በማይደርሱበት የኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩትና አፈር ይመልሱበት። ከረጢቱን ያቃጥሉ። ከዚያ ጆንያው የነበረበትን የርብራቡን ቦታ በደንብ ይመልከቱ፤ ውሃው ከጣሪያው ነው የመጣው፣ ከግድግዳው ነው፣ ወይስ ገና ሲገዛ እርጥብ ነበር? በላዩ ላይ የተጻፈውን ቀንም ያንብቡ።